የድመት ጅራት በቢላዋ አይታከምም

ለሰፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ውኃ መውረጃ ቦይ፣ ስለ መዋጮና ስለ ጥበቃ ተራ ስንጽፍ ቆይተናል። ዛሬ የምንጽፈው ስለ ድመት ጅራት ነው። «ሥራ ፈቶች!» የሚለን እንደማይጠፋ እናውቃለን። ይበለን፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቦ ይበለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድመት ጅራቷ በበር ሲቀረቀር፣ በፍም ሲቃጠል ወይም ውሻ ሲነክሳት፣ አንዳንዱ ጎረቤታችን ቢላዋ ስሎ ይቆርጠዋል። ሌላው በሲባጎ ጥርቅም አድርጎ ያስርና «ደርቆ ይወድቃል» ብሎ ይተዋታል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ በማዳበሪያ ከረጢት ቋጥሮ ጓሳ ዳር ወስዶ ይጥላታል። ለምን ሲባልም «እዚያ አይጥ ሞልቷል፣ አድና ትበላለች» ይላል። ይህ አድራጎት መቆም አለበት የምንለው ለድመቷ አዝነን ብቻ አይደለም። ግን አዎ፣ አዝነንም ነው።

ጅራት እንደ ገመድ ጫፍ የተንጠለጠለ ትርፍ ነገር የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። የጀርባ አጥንት ቀጣይ ነው፤ ወደ 20 የሚጠጉ ትናንሽ አጥንቶች፣ የደም ሥርና ነርቭ አሉት። ድመት በአጥርና በጣራ ላይ ስትሄድ ሚዛን የምትጠብቀው በእርሱ ነው፤ በዚህ በእኛ ብርድ ሌሊት ተጠቅልላ ስትተኛ አፍንጫዋንና እግሯን የምትሸፍነውም በእርሱ ነው። በቢላዋ ሲቆረጥ ደሙ አልቆም ይላል፤ ቢቆምም ቁስሉ ያመረቅዛል። በሲባጎ ሲታሰር ደግሞ ደም ይቋረጥና ሥጋው ይጠቁራል፣ ይሸታል፣ መበስበሱም ታስሮበት ከነበረው ቦታ አልፎ ወደ ላይ ይወጣል። ይህን ሕክምና የሚለው ካለ እስቲ በራሱ ጣት ይሞክረው።

ልጆች ጅራት ይዘው ሲጎትቱ «ተዉ፣ እየተጫወቱ ነው» የምትሉ ወላጆችም ይህን ስሙን። የሽንት ፊኛንና የዓይነ ምድር መውጫን የሚያዙት ነርቮች በጅራቱ ሥር አጠገብ ያልፋሉ። ጅራት በኃይል ሲጎተት ወይም በር ሲዘጋበት እነዚህ ነርቮች ሊበጠሱ ይችላሉ። ያን ጊዜ ከውጭ ደም አይታይም፤ ቁስልም የለም። ጅራቱ ብቻ እንደ ሞተ እባብ ተዘርግቶ ይጎተታል፤ ድመቷም መሽናት ያቅታታል ወይም ሳታውቀው ጠብ ጠብ ይላታል። እንዲህ ያለች ድመት በጥቂት ቀናት ውስጥ ልትሞት ትችላለችና ነገ ዛሬ ሳይባል የእንስሳት ሐኪም ዘንድ መወሰድ አለባት። በእርግጥ መቆረጥ ያለበት ጅራት አለ። ግን የሚቆርጠው ሐኪሙ ነው፤ አደንዝዞ፣ በንጹሕ መሣሪያ። በደንብ የተቆረጠላት ድመት ያለ ጅራትም ኖራ አይጧን ትይዛለች።

«ድመት ራሷን ልሳ ትድናለች» የሚሉ አሉ። ትልሳለች እንጂ ሁልጊዜ አትድንም። እንዲያውም መላሷ ነው ሌላ ጣጣ የሚያመጣው። ቁስሉ ላይ ላምባ ብታፈሱ፣ በረኪና ብትቀቡ፣ ያው በምላሷ አድርጋ ወደ ሆዷ ታስገባዋለች። የቡና ዱቄትም ሆነ አመድ ቁስሉን ያቆሽሸዋል እንጂ አያጸዳውም። ፓራሲታሞል የሰጣት ሰው ካለ ደግሞ መርዝ ሰጥቷታል፤ ለሰው ራስ ምታት የምትዋጠው አንዲት ፍሬ ድመትን ትገድላለች፣ ሰውነቷ ያንን መድኃኒት ማርከስ አይችልምና። አስፕሪንም በገዛ ግምት አይሰጥም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ትንሽ ቁስል ከሆነ ውኃ አፍልቶ ማቀዝቀዝ፣ ለግማሽ ሊትሩ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው መጨመር፣ በንጹሕ ጨርቅ ቀስ እያሉ ማጠብ፤ ጠዋትና ማታ። ደም ካለ በጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ተጭኖ መያዝ። አጥብቆ ማሰር አያስፈልግም። የምትልስ ከሆነ በአንገቷ ዙሪያ ካርቶን እንደ ቀንድ ጠቅልሎ ማሰር ነው፤ መልኳ ያስቃል፣ ቁስሉ ግን ይድናል። እስክትድንም ከምድጃው ራቅ አድርጎ ከቤት ማሳደር። ቁስሉ ካበጠ፣ ከሸተተ፣ አጥንት ከታየ ወይም ጅራቱ ከቀዘቀዘና ከጠቆረ የቤት ሕክምና አበቃ፤ ወደ ሐኪም ነው። ስትይዟት ደግሞ በአሮጌ ጋቢ ጠቅልላችሁ ያዙ። ያመማት ድመት ያሳደጋትንም ትነክሳለች።

ንክሻውን አቅልላችሁ አትዩት። ጅራቷን የጎዳት የማይታወቅ ውሻ ከሆነ የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖርባት ይችላል። እንዲህ ያለችውን ድመት ማንም በእጁ አይንካ፤ አንድ ቦታ ተዘግቶባት ለእንስሳት ሐኪም ይነገር። የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ሰው ቢኖር ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ምልክቱ ከታየ በኋላ ለዚህ በሽታ መድኃኒት የለውም።

ወደ ጓሳው ነገር እንምጣ፤ እዚህ ላይ ነው በጣም የተቆጣነው። ጓሳ የማንም ቆሻሻ መጣያ አይደለም። አባቶቻችን ከአስቦና ከጌራ ጀምሮ በቄሮ ደንብ ሣሩን ለዓመታት ዘግተው፣ ሲደርስ ከፍተው፣ ለቤት ክዳንና ለገመድ በልክ አጭደው ያቆዩት ነው። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የቄሮ ሥርዓት ቢፈርስም ሕዝቡ መልሶ ደንብ አውጥቶ ጠብቆታል። እዚያ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የለም፤ ጠቅላላ ቁጥሩም ከ500 አይበልጥም ይባላል። ኑሮው በጓሳው አይጥና ፍልፈል ላይ ነው። የተጣለችው ድመት ውርጩ ካልገደላት የምትበላው የእርሱን ምግብ ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ግን በሽታው ነው። ባሌ ላይ እ.ኤ.አ. በ1991–92፣ በ2003–04 እና በ2008–09 የእብድ ውሻ በሽታ ቀይ ቀበሮዎቹን ፈጅቷል። በ2003–04ቱ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ሦስት አራተኛ የሚሆኑት አልቀዋል። «ያ እኮ ከውሻ የመጣ ነው፣ ድመት ምን አደረገች?» ትሉን ይሆናል። ልክ ነው፣ ዋናው አስተላላፊ ውሻ ነው፤ ውሻውን ሳያስከትብ የሚለቅ ሰው ላይ ሌላ ቀን እንመለሳለን። ነገር ግን ውሻ የነከሳትን ድመት ከረጢት ውስጥ ከትቶ ቀበሮው ደጃፍ የሚያደርስ ሰው ከዚያ ውሻ በምን ይለያል?

አንድ ክርክር ቀርቶናል፤ «ሰው ሐኪም ባጣበት አገር ለድመት!» የሚለው። እኛም ለሰው ሐኪም ይብዛ ከሚሉት ነን። ግን ጨውና የፈላ ውኃ ከማን ሐኪም ላይ ተቀንሶ ነው? ደግሞስ ገብሱን ከጎተራ የምትጠብቅልን ማን ሆነችና! ውሮ ከቤት በጠፋች በወሩ አይጡ ክዳኑን ወርሶ፣ ስልቻውን በስቶ ሲያበቃ ያው ጎረቤታችን የአይጥ መርዝ ፍለጋ ይሯሯጣል፤ መርዙን የበላችውን አይጥ ደግሞ የሌላ ሰው ድመት ትበላና ትሞታለች።

ስለዚህ ጅራቷ የተጎዳ ድመት ያለው፣ እንዴት እንደሚያጥብ ወይም እንደሚይዝ የቸገረው ቤት ለማኅበሩ ጸሐፊ ይንገር፤ አብሮት የሚይዝ ሰው እንልካለን። ወደ ሐኪም ለመውሰድ አቅም ያጠሩ እናቶች ካሉም አያፍሩ፣ ይንገሩን። ድመት በከረጢት ይዞ ወደ ጓሳ መንገድ ሲወጣ የታየ ሰው ግን በሚቀጥለው ስብሰባ በሁላችን ፊት ተነሥቶ ምክንያቱን ያስረዳል።

የሰፈሩ ነዋሪዎች ማኅበር