ፍቅር አትበሉት

የአልፍሬድ ሂችኮክን «ቨርቲጎ» የፍቅር ፊልም ነው የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። «ምስኪን ሰውዬ፣ የሞተችበትን ሴት መርሳት አቃተው!» ይላሉ። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ሰውየው የሚያፈቅረው ማንን ነው?

ፊልሙ በ1958 እ.ኤ.አ. የወጣ ልብ አንጠልጣይ ነው። ከፍታ የሚያስፈራው የቀድሞ መርማሪ ፖሊስ ስኮቲ፣ ማደሊን የተባለችን ሴት እንዲከታተል ተቀጥሮ በፍቅሯ ይወድቃል። ከደወል ማማ ወድቃ ስትሞትበት ይታመማል። ኋላ መንገድ ላይ ጁዲ የምትባል የሱቅ ሠራተኛ ያያል። መልኳ ቁርጥ ማደሊን! ከዚያስ? ያንኑ ግራጫ ልብስ ይገዛላታል፤ ፀጉሯን ወርቃማ ያስቀባታል፤ ይኼም አልበቃው፣ ወደ ኋላ ካልታሰረ ብሎ ይሟገታታል። ልብስ ሰፊ እንኳን ደንበኛውን ምን እንደምትፈልግ ይጠይቃል።

«እሷስ አታለለችው አይደል?» ይሉኛል። አዎ፣ ማደሊን ሆና የተወነችው ጁዲ ራሷ ናት። ግን ማን ቀጠራት? ጋቪን ኤልስተር፣ ሚስቱን ለመግደል። የማደሊንን አለባበስ፣ አነጋገር፣ አካሄድ የቀረጸው እሱ ነው። ስኮቲ የወደደው እንግዲህ ሌላ ወንድ የሠራውን ሴትነት ነው። ኤልስተር ሚስቱን ገድሎ ይሰወራል፤ ፊልሙ ሲያልቅም አልተያዘም። ዕዳው የጁዲ ሆነ።

ሚጅንም አትርሷት። መነጽሯን አድርጋ፣ ሥዕል ሥላ የምታድር፣ ቀልድ የምታውቅ፣ ስኮቲ ሆስፒታል ሲተኛ የጠየቀችው ሴት ናት። እሷን ማንም አልሠራትም። ታዲያ ፊልሙ መሃል ላይ ትሰናበታለች፤ ተመልሳም አትመጣም።

ሂችኮክን «ሴት ጠል» ብለው ፋይሉን ለመዝጋት የሚቸኩሉትም አይመቹኝም። የጁዲን ምስጢር እስከ መጨረሻው መደበቅ ይችል ነበር። አልደበቀም። ደብዳቤ ስትጽፍና ስትቀድ አሳየን፤ ስኮቲ ሳያውቅ እኛ አወቅን። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጭንቀቱ የእሷ ነው፦ ይደርስብኝ ይሆን? እኔን እንደ እኔ ይወደኝ ይሆን? ይህን ሁሉ አይቶ አሁንም ለስኮቲ ብቻ የሚያዝን ተመልካች በዳይሬክተሩ አያሳብብ።

መጨረሻ ላይ ጁዲም ከዚያው ማማ ወድቃ ትሞታለች። ስኮቲ ጫፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያያል፤ የከፍታ ፍርሃቱ ለቆታል። «የፍቅር ፊልም» የምትሉ ሆይ፣ የዳነበትን ዋጋ የከፈለችው ታች ናት። እሱን ትታችሁ እስቲ ወደ ታች እዩ።