«ባርቆበት ነው»

ሻሸመኔ የመንገደኛ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ የመጣው ሁሉ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ባሌና ወደ ወላይታ የሚበታተነው እዚያ ነው። እኔም እንደ መንገደኛ ወጉ መናኸሪያው አካባቢ አንዲት ቁርስ ቤት ገብቼ ፉል አዝዣለሁ። ፊት ለፊቴ አንድ ወጣት የጥበቃ ሠራተኛ ክላሹን ጭኑ ላይ አጋድሞ ሻይ ይጠጣል። አፈሙዙ ሆዴን ያያል።

«ወንድሜ፣ እቺ ነገር ጎርሳለች እንዴ?»

«አይፍሩ ጋሼ፣ ሴፍቲ ላይ ናት!»

አልጎረሰችም አላለኝም፤ ልብ በሉ። ሲሠለጥን ስንት ጥይት እንደተኮሰ ጠየቅሁት። ሦስት ነው። ኢላማውን አንዴ መትቷል። ለኔ አዝኖ አፈሙዙን አነሳና ቡና ወደምታፈላው ልጅ አዞረው።

በልጁ አልፈርድም። ፍርዴ በእኛ ላይ ነው። እኛ እኮ ለዚህ ጥፋት የሚመች ቃል አለን፤ «ባረቀ» እንላለን። ከመብረቅ ጋር አንድ ሥር ያለው ቃል ነው። መብረቅ ደግሞ ተጠያቂ የለውም። ለቅሶ ቤት ሄደን «ባርቆበት ነው እኮ» ከተባልን ነገሩ አለቀ፤ ጠብመንጃው ራሱ አስቦ የተኮሰ ይመስል! የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ግን በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል። ሕጉ ጋ ባረቀ የሚባል ነገር የለም፤ ቃታ የነካ ጣት አለ።

«ሐበሻና ጠብመንጃ ምን ያስተዋውቃቸዋል? በደማችን ነው» የሚሉኝ አሉ። አድዋ ላይ የዘመተው ውጅግራ አንድ ጥይት ተኩሶ እንደገና የሚጎርስ መሣሪያ ነበር። የተሳሳተ ሰው አንዴ ነው የሚሳሳተው። ክላሽ ሠላሳ ጥይቱን በሦስት ሰከንድ ይጨርሳል። መጠበቂያውም ለጀማሪ ወጥመድ ነው። ከላይ ሲሆን ይዘጋል፤ አንድ እርከን ሲወርድ የሚገኘው ተከታታይ ተኩስ ነው፤ ነጠላው ከታች፣ መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ፈራ ተባ እያለ ቀስ ብሎ የጫነው ሰው ሳያውቀው አርከፍካፊ ይዟል። ካዝናውን ነቅሎ «ባዶ ነው» የሚለውስ? አንዷ ጥይት እኮ ቀድማ ገብታ ተቀምጣለች። ያቺ ናት ቤተሰብ የምትጨርሰው።

ታዲያ ማስተማር ምን ይመስላል? የመጀመሪያው ቀን ጥይት የለም። ባዶውን ይፈታል፣ ይገጥማል፣ መጉረስ አለመጉረሱን በዓይኑ አይቶ በጣቱ ዳስሶ ያረጋግጣል። ኢላማ ካላየ በቀር ጣቱ ከቃታው ውጪ መዋልን ይለምዳል። ሜዳ ሲወጣ ካዝናው ውስጥ አንድ ጥይት ብቻ ይገባል። አስተማሪው እጁ በሚደርስበት ርቀት ይቆማል፤ ምክንያቱም ጀማሪ ኢላማውን የመታ ዕለት በደስታ ዞር ይላል፣ «አዩኝ?» ለማለት። አፈሙዙም አብሮት ይዞራል። በ2014 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አሪዞና ውስጥ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ዑዚ ተሰጥቷት፣ ተከታታይ ላይ ተደርጎ፣ መሣሪያው ከእጇ ዘሎ አጠገቧ የቆመውን አስተማሪዋን ገደለው። እዚያ ሜዳውም አስተማሪውም ነበሩ። የጎደለው «አንድ ጥይት ብቻ» የሚለው ደንብ ነበር።

በ1969 ዓ.ም. ታጠቅ ጦር ሰፈር ገበሬው በጥድፊያ ሠልጥኖ ሲዘምት ጦርነቱ ደርሶ ነው ይባል። ሻሸመኔ የመጋዘን በር የሚጠብቀውን ልጅ ማን አጣደፈው?

«ተኩስ ማስተማር ገዳይ ማብዛት ነው» ለሚሉኝ ደግ ሰዎች ደግሞ፦ መሣሪያው እኮ ልጁ እጅ ገብቷል፤ ፉሌን ስበላ አይቼዋለሁ። የክላሽ ጥይት አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ሄዶም የመግደል ጉልበት አለው። መናኸሪያው ላይ ያመለጠች ጥይት የት ሰፈር፣ የማን ጓሮ እንደምታርፍ ቁጭ ብላችሁ አስሉት። በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ወጥቷል፤ ፈቃድና ምዝገባ መልካም ነው። እኔ የምለው፣ መሣሪያ የሚያስታጥቅ መሥሪያ ቤት ሁሉ የመሣሪያውን ቁጥር በሚጽፍበት መዝገብ ላይ የአስተማሪውንም ስም ይጻፍ። ባረቀ የተባለ ዕለት መጀመሪያ እሱ ተጠርቶ ምን እንዳስተማረ ይናገር።