የፒፓ መምጠጫ እንዴት ይታደሳል?

እንደ ጥቁር መስተዋት ያበራ የነበረ የፒፓ መምጠጫ ጥቂት ዓመታት በመስኮት አጠገብ የከረመ እንደ ሆነ ቀለሙ ይለወጣል፤ አረንጓዴና ቡናማ ይቀላቅላል፤ አፍ ሲነካው ይመራል፤ እርጥብ ጨርቅ ሲያገኘው ድኝ ድኝ ይሸታል። ይህን ያየ ሰው ብዙውን ጊዜ «አርጅቷል» ብሎ ይጥለዋል። ዳሩ ግን የተበላሸው ላዩ ብቻ ነው፤ ውስጡ ደኅና ነው። አንድ የዕረፍት ቀን፣ ትዕግሥትና በየሱቁ የሚገኙ ጥቂት ዕቃዎች ይበቁታል።

አስቀድመን ምክንያቱን እንወቅ። የብዙ ፒፓዎች መምጠጫ ኤቦናይት ወይም ቩልካናይት ከሚባል ጠንካራ ጎማ የተሠራ ነው። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 ጎማ ከድኝ ጋር ሲሞቅ እንደሚጠነክር ደረሰበት፤ ወንድሙ ኔልሰን ደግሞ ድኙን አብዝቶ እንደ ቀንድ የጠጠረ ጎማ በመሥራቱ በ1851 የፈጠራ መብት ተሰጠው። እንግዲህ በዚህ ጎማ ውስጥ ያለው ብዙ ድኝ ብርሃንና አየር ሲያገኙት በላዩ ላይ ይለወጣል፤ አረንጓዴው ቀለምና መራራው ጣዕም የሚመጡት ከዚህ ነው። አክሪሊክ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ መምጠጫ ግን እንዲህ ያለ ለውጥ አያገኘውም። የእናንተ የትኛው እንደ ሆነ ለማወቅ በእርጥብ ጨርቅ አሽታችሁ አሽትቱት፤ ድኝ ከሸተተ ኤቦናይት ነው።

ሥራው እንዲህ ይጀመራል። ፒፓው የተጨሰበት ከሆነ ፈጽሞ እስኪበርድ ጠብቁ፤ በሙቀቱ ሳለ የሚነቀል መምጠጫ ጫፉ ይሰበራል። ከበረደ በኋላ ቀስ እያላችሁ አዙራችሁ አውጡት። የእንጨቱን ራስ ውኃ ውስጥ አትንከሩት። ብዙ ጊዜ ይህ እንጨት በሜድትራኒያን ባሕር ዙሪያ ከሚበቅል ዛፍ ሥር የተገኘ ነው፤ ዛፉም በስሜንና በባሌ ተራሮች ላይ አስታ እያልን የምንጠራው ዓይነት ነው። እሳትን ቢችልም በውኃ መዘፍዘፍ ይጎዳዋል።

ቀጥሎ የመምጠጫውን ቀዳዳ በአልኮል በራሰ ቀጭን የፒፓ መጥረጊያ ጥቀርሻው እስኪያልቅ ጥረጉት። መምጠጫው አክሪሊክ ከሆነ ግን አልኮል ሊሰነጥቀው ስለሚችል በሳሙናና በለብታ ውኃ ይሁን።

የጥርስ ምልክት ካለበት፣ ኤቦናይቱን ፈልቶ ከእሳት በወረደ ውኃ ውስጥ አምስት ደቂቃ ያህል አኑሩት። ድኙ የጎማውን ጭረቶች እንደ መረብ አስተሳስሯቸዋልና፣ ሙቀት ሲያገኙ ወደ ቀድሞ ቦታቸው ለመመለስ ይገፋሉ፤ ጎድጓዳውም ከፍ ይላል። በዚህ ጊዜ ቀለሙ ከቀድሞው ቢብስ አትደንግጡ፤ ኋላ ይለቃል። ቆልማማ መምጠጫም በሙቀቱ ሊቃና ስለሚችል፣ ለስላሳ ሳለ መልሳችሁ አጉብጡትና በቀዝቃዛ ውኃ ያዙት። ጥርስ የበሳው ቀዳዳ ካለ ደግሞ የላመ የከሰል ዱቄት ከሱፐር ግሉ ጋር አዋሕዳችሁ ድፈኑት፤ መስኮት ክፈቱ፤ አንድ ቀንም ይድረቅ።

አሁን የብርጭቆ ወረቀት ይመጣል። በውኃ የሚሠራውን ዓይነት ገዝታችሁ ከ400 ቁጥር ጀምሩ፤ ከዚያ 600፣ 1000፣ በመጨረሻም 2000። አንዱ ቁጥር የተወውን ጭረት ቀጣዩ ሳያጠፋው ወደ ሌላው አትለፉ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና። ሁልጊዜ ውኃ እያስነካችሁ ሥሩ፤ ደረቁ ብናኝ ለሳንባ አይበጅም። እንጨቱ ውስጥ የሚገባውን ጫፍ አትንኩት፤ ቢሳሳ ይላላል። ከእንጨቱ ጋር የሚገጥመውን ጠርዝ፣ እንዲሁም የሠሪው ምልክት የታተመበትን ቦታ በፕላስተር ሸፍኑ፤ ምልክቱ አንዴ ከጠፋ አይመለስም።

በመጨረሻ በጥርስ ሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ አሽታችሁ ታጠቡታላችሁ፤ ሲደርቅ ጥቂት ንጹሕ ሰም ቀብታችሁ እስኪያበራ ወልውሉት። አንዳንዶች ለመቸኮል በረኪና ውስጥ ይዘፈዝፉታል፤ በረኪናው ቀለሙን ቢያነሣም ላዩን በልቶ ሸካራ ያደርገዋል። ሌሎች የወይራ ዘይት ብቻ ይቀባሉ፤ ይህም ለጊዜው ያጠቁረዋል እንጂ ዝገቱን አያነሣውም።

ሁለት ነገር ልጨምር። የመጀመሪያው ስለ ጤና ነው፤ መምጠጫው ጸዳ ማለት ጢሱ ጸዳ ማለት አይደለም። የፒፓ ትምባሆ የከንፈር፣ የአፍና የጉሮሮ ካንሰር እንደሚያመጣ የታወቀ ነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ያነበበ ተማሪ ፒፓ ሊያጨስ ይጀምር ዘንድ አልጻፍኩትም፤ በቤቱ ያለውን ዕቃ እንዲጠብቅ እንጂ።

ሁለተኛው የሚከብደው ነው። ፒፓው የሟች አባት ወይም አያት ከሆነ፣ የጥርሱ ምልክት ከፎቶግራፍ ይልቅ የእርሱን ነገር የሚያስታውስ ሊሆን ይችላል። የብርጭቆ ወረቀቱን ከማንሣታችሁ በፊት እናታችሁን ወይም ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። «ይቆይ» ካሉ፣ አረንጓዴውን ብቻ አንሥታችሁ ጎድጓዳውን ተዉት፤ ከፀሐይ ርቆ በጨርቅ ተጠቅልሎ በመሳቢያ ይቀመጥ። የሚያበራ መምጠጫ በማንኛውም ጊዜ መሥራት ይቻላል፤ ያን ምልክት ግን ባለቤቱ ራሱ ካልሆነ የሚሠራው የለም።