የሕክምናውን ቅደም ተከተል ወረፋ እንዳይወስነው የቀረበ አቤቱታ

ለሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተር

ጉዳዩ፦ የፊንጢጣ ካንሰር ሕሙማንን የጨረር ወረፋ ይመለከታል

ክቡር ዶክተር፣

አባቴን ሌት ተቀን ያስታመሙ ነርሶችንና ሐኪሞችን እግዚአብሔር ይስጥልኝ እላለሁ። አቤቱታዬ በአሠራሩ ላይ ነው።

የአባቴ ካንሰር ጉበትም ሳንባም አልደረሰም ነበር። የፊንጢጣውን ግድግዳ አልፎ በዙሪያው ያለውን ስብ መንካቱ ግን በኤምአርአይ ታየ። ሐኪማቸውም መጀመሪያ ጨረርና ኬሞ፣ ከዚያ ኦፕራሲዮን ብለው ካርዳቸው ላይ ጻፉ። ወረፋው ሳይደርስ ዕጢው አንጀታቸውን ሊዘጋ ተቃረበ፤ ኦፕራሲዮኑ ቀደመ፤ ጨረሩ "በኋላ ይሰጣቸዋል" ተባልን።

በፊትና በኋላ አንድ አይደሉም። ጀርመን አገር ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ጨረርና ኬሞ አስቀድመው ከወሰዱት ሕሙማን በ5 ዓመት ውስጥ ካንሰሩ እዚያው ቦታ የተመለሰባቸው ከመቶ 6 ሲሆኑ፣ ከኦፕራሲዮን በኋላ ከወሰዱት ግን 13 ናቸው። ሐኪሞቻችን ይህን ያውቃሉ፤ ካርዱ ላይም የጻፉት ስለሚያውቁ ነው።

ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው ይህን ነው። ረጅሙ የጨረር ሕክምና አንዱን ሕመምተኛ ከ25 እስከ 28 ጊዜ ማሽን ላይ ያስተኛል። በስዊድንና በሆላንድ በትልልቅ ጥናቶች የተፈተነው አጭሩ ግን በቀን 5 ግሬይ እየተሰጠ በ5 ቀን ያልቃል። አንድ ሰው በሚይዘው ተራ አምስት ሰው ይታከማል ማለት ነው። ለሁሉም ይስማማል አልልም። ዕጢው የት እንዳለ፣ ምን ያህል እንደገፋ አይተው ቀዶ ሐኪሙ፣ የጨረርና የኬሞ ሐኪሞቹ፣ ኤምአርአዩን ያነበቡትም አንድ ላይ ተቀምጠው ይወስኑ። ሕመምተኛው ወረፋ ላይ ሳለ ሕመሙ ከባሰም ተራው እንደገና የሚታይበት አሠራር ይኑር።

ሌላም አለ። አባቴ አሁን የሚጸዳዱት በሆዳቸው በኩል ነው። ማጠራቀሚያ ከረጢቱ ከሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ሲጠፋ፣ ውጭም ሳይገኝ ሲቀር፣ ፌስታል በፕላስተር እንለጥፍላቸዋለን። ፕላስተሩ ሲላቀቅ ቆዳቸው አብሮ ይነሣል፤ የሚወጣው ሰገራም የተላጠውን ያቃጥላቸዋል። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሽታውን ፈርተው ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትተዋል። ኦፕራሲዮን አድርጎ ያለ ከረጢት ወደ ቤት መሸኘት ሕክምናውን ከግማሽ መተው ነውና፣ ከረጢቱ እንደ መድኃኒት ተቆጥሮ እንዲቀርብ አጥብቄ እጠይቃለሁ።

ለእነዚህ ጥያቄዎች የሆስፒታሉን ምላሽ በጽሑፍ እንዲሰጡኝ በአክብሮት አመለክታለሁ።

አመልካች፦ የሕመምተኛው ልጅ