«ግማሽ ሐበሻ» የሚባል ልጅ የለም

ሩት ነጋ «ላቪንግ» በተሰኘው ፊልም ለኦስካር ስትታጭ ስንቶቻችን «የኛ ልጅ!» ብለን ደስ አለን። አባቷ ኢትዮጵያዊ፣ እናቷ አየርላንዳዊት ናቸው፤ የተወለደችው አዲስ አበባ ነው። ያኔ «ግማሽ ናት» ያለ ሰው አልሰማሁም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግን እዚህ አሜሪካ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ሌላ ነገር እሰማለሁ። ክልስ ልጅ ስትገባ «ስታምር! ፀጉሯስ ዞማ አይደል?» ይባላል። ወዲያው በእንግሊዝኛ ያናግሯታል፤ አማርኛ ትችል እንደሆነ የሚጠይቃት የለም። አባቷ ጥቁር አሜሪካዊ ከሆነ ደግሞ አድናቆቱም ይቀርና «እናትየዋን ምን ነካት?» የሚል ሹክሹክታ ይተካዋል።

ይህን ዓይን ከአገር ቤት ብቻ አላመጣነውም፤ ስክሪኑም አስተምሮናል። ሆሊውድ እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ ያስከበረው ደንብ የነጭና የጥቁር ፍቅርን በፊልም ማሳየት ይከለክል ነበር። ክልስ ሰው ሲታይም ዕጣው መከራ ነበር። በ1934 ተሠርቶ በ1959 በተደገመው «ኢሚቴሽን ኦፍ ላይፍ» ቀላ ያለችው ልጅ ነጭ ለመባል ጥቁር እናቷን ትክዳለች፤ የምትመለሰው በእናቷ ሬሳ ሣጥን ላይ ለማልቀስ ነው። ተመልካቹ ይዞት የሚወጣው ትምህርት አንድ ነው፦ ክልስ ቤት የለውም።

ዛሬ በስክሪኑ ልቅሶው ቀርቶ የመልክ አድናቆት ተተክቷል። ይህ ሙገሳ ይምሰል እንጂ ልጅቷን በቆዳዋና በፀጉሯ መመዘን ነው። የተሻለውን እ.ኤ.አ. በ2013 በቼሪዮስ የቁርስ እህል ማስታወቂያ አይተናል፦ ነጭ እናት፣ ጥቁር አባት፣ ክልስ ልጃቸውና ቁርስ፤ ሌላ ምንም የለም። በዩቲዩብ የዘረኝነት ስድብ ስለበዛ የአስተያየት መስጫው ተዘጋ። ኩባንያው ግን በዓመቱ ያንኑ ቤተሰብ ሱፐር ቦውል ላይ መልሶ አቀረበ። እንዲህ ያለ ተራ፣ ሰላማዊ ቤት ደጋግሞ መታየቱ ነው ዓይንን የሚያለምደው።

እንዲህ ያለ ቤተሰብ ብርቅ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካ ቆጠራ 33.8 ሚሊዮን ሰው ከአንድ በላይ ዘር እንዳለው ተመዝግቧል። የኛም ልጆች ከነዚህ መካከል ናቸው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ በሚቀጥለው እሑድ ያቺን ልጅ ከመልኳ በፊት ስሟን ጠይቋት። በአማርኛ ሰላም በሏት፤ ካልገባት ቀስ ብላችሁ አስተምሯት። የኛ ለመባል ለኦስካር እስክትታጭ መጠበቅ የለባትም።