ጠብመንጃው ይቈጠር፤ ባለቤቱም ይከበር

የጦር መሣሪያ ምዝገባና ፈቃድ በተነሣ ቍጥር ክርክሩ ወዲያው በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወገን «ጠብመንጃ የአባት ቅርስና የወንድ ክብር ነው፤ መንግሥት ምን አግብቶት ይቈጥረዋል?» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «መሣሪያ በሕዝብ እጅ እስካለ ድረስ ሰላም አይገኝም፤ ከየቤቱ ተለቅሞ ይግባ» ይላል። እኛ ከሁለቱም ጋር አንስማማም። የመጀመሪያው ጠብመንጃውን ከሕግ በላይ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ባለጠብመንጃውን ከሕግ በታች ይጥለዋል። በእኛ አስተያየት ፈቃድ ማለት በመንግሥትና በዜጋ መካከል የሚቆም ውል ነው። ዜጋው መሣሪያውን ያስቈጥራል፤ መንግሥትም መሣሪያውን ያስቈጠረለትን ሰው ይጠብቃል። ከሁለቱ አንዱ ከጐደለ ውሉ ፈራሽ ነው።

ነገሩ አዲስ ሕግ ይውጣ ወይስ አይውጣ የሚል ክርክር አይደለም፤ ሕጉ ወጥቷልና። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ስለ መሣሪያ የሚናገረው ስለ ጥፋትና ስለ ቅጣት ነበር። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር ዐዋጅ ቍጥር 1177/2012 ግን ከቅጣት በፊት የሚመጣውን ነገር ደነገገ፤ ይኸውም ማን ሊፈቀድለት እንደሚችል፥ የትኛው መሣሪያ በግል እጅ እንደማይያዝ፥ የተፈቀደውም እንዴት እንደሚመዘገብ ነው። ዳሩ ግን ዐዋጁ ከወጣ ዓመት ሳይሞላው በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ተነሣ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላም በሌሎች የአገራችን ክፍሎች የተኩስ ድምፅ አልጠፋም። ስለዚህ ይህ ሕግ በሰላም ቀን ተጽፎ በጦርነት ቀን የተፈተነ ሕግ ነው። «እንግዲህ ጊዜው አልፎበታል» የሚሉ ይኖራሉ። እኛ ግን ጐርፍ በመጣ ጊዜ እርከን ማፍረስ ሳይሆን እርከን ማጥበቅ የገበሬ ልማድ መሆኑን እናሳስባቸዋለን።

«የአባት ቅርስ ነው» ለሚሉት ወንድሞቻችን የምንመልሰው ቅርሱን በማቃለል አይደለም። የፈረንሳዩን ግራ «ውጅግራ»፥ የእንግሊዙን ስናይደር «ስናድር»፥ ለበልን «ለበን»፥ ማንሊከርን «ምንሽር» ብሎ የባዕድ ስም በራሱ አንደበት አለስልሶ የተቀበለ ሕዝብ ጠብመንጃን ከቤተ ሰቡ እንደ አንዱ አድርጎ እንደ ኖረ እናውቃለን። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የተገኘው ድል በጀግንነት ብቻ ሳይሆን በመሣሪያም እንደ ተገኘ እናውቃለን። ነገር ግን ያ መሣሪያ በአብዛኛው ከሰማይ የወረደ ወይም እያንዳንዱ ሰው በየጓዳው ደብቆ ያቈየው አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ ለብዙ ዓመታት ከአውሮፓ ነጋዴዎች እየገዙ ያከማቹት ነበር፤ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ እንኳ በ1879 ዓ.ም. ጠብመንጃ ጭኖ ሸዋ ከደረሱት ነጋዴዎች አንዱ ነው። የተገዛው ሁሉ ተቈጥሮ ይገባ፥ ተቈጥሮም ይወጣ ነበር። በዐድዋ በመድፍ የተዋጉት ባልቻ ሳፎ ማዕርጋቸው በጅሮንድ ነበረ። በጅሮንድ ማለት ደግሞ የግምጃ ቤት ሹም፥ ቈጥሮ የሚረከብና ቈጥሮ የሚያስረክብ ሰው ማለት ነው። የዐድዋው ጀግና በማዕርጉ የቍጥር ሰው ከሆነ፥ መቈጠር ውርደት ነው የሚለው ነገር ከየትኛው አባት የተወረሰ ነው?

ሌሎች ደግሞ ረቀቅ ያለ ክርክር ያመጣሉ። «የመሣሪያ ቍጥጥር ኀያላን መንግሥታት እኛን ለማድከም የፈጠሩት ዘዴ ነው» ይላሉ፤ ለዚህም ማስረጃ አያጡም። በ1890 እ.ኤ.አ. በብሩክሴል የተፈረመው ስምምነት የባሪያ ንግድን ከማጥፋት ጋር አያይዞ ወደ አብዛኛው አፍሪካ የሚገባውን ጠብመንጃ ገደበ። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ስለ መሣሪያ ንግድ የተለየ ግዴታ እንድትቀበል ተደረገ። በነሐሴ 1922 ዓ.ም. ደግሞ ከእንግሊዝ፥ ከፈረንሳይና ከኢጣልያ ጋር ስለ መሣሪያ ማስገባት በፓሪስ ውል ተዋዋለች። ከተዋዋዮቹ አንዷ ኢጣልያ አገራችንን ለመውረር ስትሰናዳ በሐምሌ 1927 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት ለሁለቱም ወገን የመሣሪያ መላኪያ ፈቃድ እንደማይሰጥ አስታወቀ። ኢጣልያ መሣሪያዋን በገዛ ፋብሪካዋ ትሠራ ስለ ነበር «ለሁለቱም» የተባለው ክልከላ በእውነቱ የወደቀው በእኛ ላይ ብቻ ነበር። የመንግሥታት ማኅበር እገዳውን ከእኛ ላይ አንሥቶ በወራሪው ላይ ያደረገው ጦርነቱ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ ነው።

ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ አንክደውም። ነገር ግን የሚያስተምረን ፈቃድ ክፉ መሆኑን ሳይሆን፥ አንዱን አስሮ ሌላውን የሚለቅ ፈቃድ ክፉ መሆኑን ነው። ከዚህም የተነሣ የታሪኩ ወቀሳ በባዕዳን ላይ ብቻ አያበቃም። ዛሬ አንድ የወረዳ ሹም የዘመዱን መሣሪያ ሳይመዘግብ አልፎ የባዳውን ሰው ሲነጥቅ፥ በ1927 ዓ.ም. በአገራችን ላይ የተፈጸመው በደል በትንሹ ይደገማል። ባለመሣሪያውም ያን ጊዜ የሚሰማው ኢትዮጵያ በዚያ ዘመን የተሰማት ነው።

አሁን «ከየቤቱ ተለቅሞ ይግባ» ወደሚሉት እንመለስ። እነዚህ ወገኖች አሳባቸው ሰላም መሆኑን አንጠራጠርም፤ መንገዳቸው ግን ወደ ሰላም አያደርስም። በጠረፍ ያለ ከብት አርቢ ሌሊት ከብቱን የሚነዱበት ሰዎች ሲመጡ ፖሊስ ጣቢያው ሩቅ፥ ጠብመንጃው ግን ቅርብ ነው። የቅርቡን ወስደን የሩቁን ካላቀረብንለት ለወንበዴ አሳልፈን ሰጠነው ማለት ነው። ይህ ግምት አይደለም። በዩጋንዳ፥ ካራሞጃ በተባለው አርብቶ አደሮች በሚኖሩበት አገር፥ መንግሥት ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ መሣሪያ ለማስፈታት በተነሣ ጊዜ ቀድመው ያስረከቡት መንደሮች ገና ባላስረከቡት ጎረቤቶቻቸው ተዘረፉ። ሕግ ያከበረው ከብቱን አጣ፤ ሕግ የናቀው ከብት ጨመረ። ከዚያ ወዲህ ለዚያ ሕዝብ «አስረክብ» የሚል ቃል እንዴት ያለ ትርጕም እንደሚኖረው ማሰብ አያዳግትም።

በእኛም አገር ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ፍርሃት አለ። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቤት ለቤት የተካሄደውን አሰሳ ያየ ትውልድ ለልጆቹ የነገራቸው አንድ ነገር ነው፤ መንግሥት «መሣሪያህን አስመዝግብ» ሲል «የት እንዳለ ንገረኝና ልውሰደው» ማለቱ ነው የሚል ነው። ይህን ፍርሃት ኋላ ቀርነት ብሎ መስደብ ለሹም ይቀለዋል፤ ግን አይጠቅመውም። ፍርሃቱን የሚያጠፋው ስብከት ሳይሆን፥ አስመዝግቦ ያልተነጠቀ ጎረቤት በዐይን መታየቱ ነው።

ስለዚህ ፈቃድ በእውነት ምን እንደሚሠራ በግልጽ መናገር ይገባል። ጠብመንጃ ሲመዘገብ በብረቱ ላይ የተቀረጸው ቍጥር ከአንድ ሰው ስም ጋር ይጋባል። ያ ጠብመንጃ ቢሰረቅ ባለቤቱ ያመለክታል፤ ቢሸጥ ወይም ለልጅ ቢተላለፍ መዝገቡ ይታረማል፤ ሰው ቢገደልበት ደግሞ ቍጥሩ ምስክር ሆኖ ይቆማል። ኢትዮጵያ በሚያዝያ 1996 ዓ.ም. ከጎረቤቶቿ ጋር የፈረመችው የናይሮቢ ፕሮቶኮል አገሮች መሣሪያ ላይ ምልክት እንዲያደርጉና መዝገብ እንዲይዙ ያስገደደው ስለዚሁ ነው። መሣሪያ ጠረፍ ተሻግሮ ሲሄድ ያለ ቍጥር ዱካው አይገኝም። ቍጥር የሌለው ጠብመንጃ ምስክር የሌለው ገዳይ ነው።

ደግሞም ገዳዩ ሁልጊዜ ወንበዴ ብቻ አይደለም። ደም መመለስ ልማድ በሆነበት አገር በድንበር ወይም በውሃ ተራ የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች፥ በእጃቸው ዱላ ቢኖር ተፈናክተው በሽማግሌ ይታረቁ ነበር። ጠብመንጃ ሲኖር ግን አንዱ ወደ መቃብር፥ ሌላው ወደ ጫካ ይሄዳል፤ የአባቱን ገዳይ የሚፈልግ ልጅም በዕዳ ያድጋል። በሠርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ የሚተኰሰው ጥይት እንኳ በሰማይ አይቀርም፤ ተመልሶ የሚወርድበትን ሰው ተኳሹ አያውቀውም። ፈቃድ የሚሰጠው ሰው ጠባዩ፥ ጤናውና ጠበኝነቱ አስቀድሞ ይመርመር የምንለው ስለዚህ ነው። ይህም ምርመራ የባለጠብመንጃውን ሚስት፥ ልጅና ጎረቤት መጠበቅ እንጂ እርሱን መናቅ አይደለም።

ውሉ የሁለት ወገን ነው ብለናልና አሁን ከመንግሥት ሠራተኛው የሚፈለገውን እንናገር። አንደኛ፥ መዝገቡ ለሁሉም አንድ ይሁን፤ የሹም ዘመድና የድኻ ልጅ በአንድ መስመር ይቁሙ። ሁለተኛ፥ ያስመዘገበ ሰው በእጁ ደረሰኝ ይኑረው፤ ፈቃድ የተከለከለም ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠው፤ ይግባኝ የሚልበትንም ይወቅ። በቃል ብቻ «ነገ ና» እየተባለ የሚመላለስ ገበሬ ሦስተኛውን ጊዜ አይመጣም፤ ጠብመንጃውም ወደ ጭድ ክምር ይመለሳል። ሦስተኛ፥ በፈቃድ የተያዘ መሣሪያ ያለ ሕግ ሥርዐት አይነጠቅ። አንድ ሹም በማን አለብኝነት የሚነጥቀው አንድ ጠብመንጃ ሊመዘገቡ የነበሩ ብዙዎችን ያስደብቃል።

አራተኛውን ለብቻው እንናገረዋለን፤ ብዙ ጊዜ ስለሚዘነጋ ነው። መንግሥት የሕዝቡን መሣሪያ ከመቍጠሩ ጋር የገዛ ራሱን ይቍጠር። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት በተበተነ ጊዜ ክላሽንኮቭ ወደ ገበያና ወደ መንደር እንዴት እንደ ፈሰሰ የሚያስታውሱ ሰዎች ብዙ ናቸው። ያ ሁሉ መሣሪያ የመንግሥት ነበር። እንደዚሁም ለሚሊሺያ የታደለ፥ ከፖሊስ ዕቃ ቤት የወጣ፥ ከተዋጊ የተማረከ ጠብመንጃ ሁሉ መጀመሪያ በአንድ መዝገብ ላይ ነበር፤ ከመዝገቡ የጠፋው ቈጣሪው ሲተኛ ነው። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። የመንግሥት ግምጃ ቤት አጥር ከተነቀነቀ፥ የገበሬውን ጓዳ እንፈትሽ ማለት ለሰሚው ያስቸግራል።

መምህራንና ተማሪዎችም ከዚህ ነገር ውጭ አይደሉም። የከተማ ወጣት ጠብመንጃ ታቅፎ ፎቶግራፍ ሲነሣና ለጓደኞቹ ሲያሠራጭ እናያለን፤ ከጀርባው የሚነበበው «ወንድ ነኝ» የሚል ነው። ለዚህ ልጅ የአባቶቹን ታሪክ ያስተማረው ሰው ግማሹን ብቻ ነግሮታል። የጦሩን ፉከራ ሰምቷል፤ የግምጃ ቤቱን ቍጥር፥ የሽማግሌውን እርቅ፥ የዳኛውን ችሎት ግን አልሰማም። መምህሩ የዐድዋን ታሪክ ሲያስተምር አዋጊውን ብቻ ሳይሆን በጅሮንዱንም ያስተምር። ተማሪውም ዐዋጁን ፈልጎ ያንብብ፤ የመንደሩ ሰው «ይህ ወረቀት ምን ይላል?» ብሎ የሚጠይቀው እርሱን ነውና። ማንበብ የማይችል አባት ለልጁ የሚሰጠው አደራ የሚሻለው ጠብመንጃውን ብቻ ሳይሆን ፈቃዱንም እንዲጠብቅ ነው።

አባቶቻችን መንገድ ላይ የተጣላን ሰው ለማስቆም ጦር አያስፈልጋቸውም ነበር። «በሕግ አምላክ!» ይሉ ነበር፤ የተጠራው ሰውም፥ ጐራዴ በእጁ ቢሆን እንኳ፥ ይቆም ነበር። የሚቆመው ፈርቶ አልነበረም፤ ከቆመ በኋላ ወደ ዳኛ እንደሚሄድና ዳኛውም እንደሚሰማው ስለሚያምን ነው። ጠሪው በቃሉ ይታመን ነበር፤ ዳኛውም በፍርዱ ይታመን ነበር። የመሣሪያ ፈቃድ ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም፤ በወረቀት የተጻፈ «በሕግ አምላክ» ነው። ባለጠብመንጃው እንዲቆም የምንፈልግ ከሆነ የሚሰማው ዳኛ እናቍምለት። ዳኛው ካለ ጠብመንጃው ይቈጠራል፤ ዳኛው ከሌለ ግን ቍጥሩ በመዝገብ ላይ፥ ጠብመንጃው በጫካ ይቀራል።