ጎንደር ለሙስሊም እንግዳ፦ የት ይበላል? የት ይታደራል? ምን ይታያል?



ትምህርት ቤት ሲዘጋና የዒድ በዓላት ሲቃረቡ ወደኛ አገር ለመምጣት የሚያስቡ ወንድሞችና እህቶች አንድ ዓይነት ጥያቄ ያቀርቡልናል። «ጎንደር የነገሥታት ከተማ መሆኗን አንብበናል፤ ነገር ግን ልጆቻችንን ይዘን ስንመጣ ሐላል የምንበላው የት ነው? የምንሰግደውስ?» ይሉናል። ለጎብኚ የሚታተሙት መጻሕፍት ለዚህ መልስ የላቸውም። ስለ ግንቡ፣ ስለ አብያተ ክርስቲያናቱና ስለ ጠጁ ጽፈው ያበቃሉ። የከተማው ልጆች ነንና በዚህ ወር የምናውቀውን እናካፍላችሁ።

ከሆድ እንጀምር፤ የተራበ ልጅ ግንብ አያይምና። በከተማችን የሙስሊም ምግብ ቤት ማግኘት ከባድ አይደለም፤ ከባድ የሚመስለው ፒያሳ ላይ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ነው። ቁልቁል ወደ አዲስ ዓለም ሰፈር ውረዱ። በየመንገዱ ዳር «ቢስሚላህ» የተጻፈባቸው ሥጋ ቤቶችና አነስተኛ ምግብ ቤቶች ታገኛላችሁ። ጠዋት ፉል በትኩስ ዳቦ፣ ቀን ጥብስ ወይም ቅቅል ይቀርባል። የሱዳን መንገድ በመተማ በኩል ቅርባችን ስለሆነ ፉሉን የሚሠሩት ሰዎች ሙያውን ያውቁበታል፤ በላዩ ላይ የሚፈሰው የሰሊጥ ዘይትም የቆላው አገራችን ምርት ነው። ወንበሩ ጠባብ፣ ጠረጴዛው ያረጀ ቢሆንም አትሸሹ። እኛ እንግዳ ስንቀበል የምንወስደው እዚያው ነው። በረመዳን ከመጣችሁ ደግሞ ከዐስር በኋላ ሰፈሩ ሌላ ይሆናል፦ ሳምቡሳ በየደጃፉ ይጠበሳል፣ ሹርባ ይፈላል፣ በማር የተመታ አብሽ በጆግ ይቀርባል።

ሙስሊም ምግብ ቤት በሌለበት አካባቢ ረሃብ ከያዛችሁስ? የጣና ዓሣ አለ፤ ዓሣ የአራጅ ጥያቄ የለበትም። ረቡዕና ዓርብ እንዲሁም በክርስቲያኖች የጾም ወራት በየሆቴሉ የሚቀርበው በያይነቱ ከሥጋ ነፃ ነው። በመጥበሻውና በድስቱ ጉዳይ ልቡ የማይረጋ ሰው ግን መጠየቅ ይችላል፤ ጎንደር ውስጥ ይህን መጠየቅ እንደ ነውር አይታይም። የኛ ክርስቲያን ጎረቤቶች ሠርግ ሲደግሱ ለሙስሊም እንግዶቻቸው በሬውን ለብቻ ያሳርዳሉ፣ ድስቱንም ሳህኑንም ከሙስሊም ቤት ያስመጣሉ። ይህ ልማድ ዛሬም አለ፤ የሆቴሉ አስተናጋጅም ያደገው በዚሁ ልማድ ውስጥ ነው።

ማደሪያን በሚመለከት ብዙ አንልም። ገንዘብ ያለው ሰው ጎሃ ሆቴል ወይም እንደ ኃይሌ ሪዞርት ባሉት ሊያርፍ ይችላል። ሆኖም በትልልቆቹ ሆቴሎች መጠጥ ይሸጣል። ቤተሰብ ይዞ ለሚመጣ ሰው ጸጥ ያለ ፔንሲዮን ይሻላል እንላለን። ክፍል ከመያዛችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ከሥሩ ሙዚቃ ቤት እንዳለ። ሁለተኛ፣ ውሃ። ጎንደር በውሃ እጥረት የምትታወቅ ከተማ ናት፤ ለውዱእ የሚሆን ባልዲ ሙሉ ውሃ ክፍላችሁ ውስጥ መኖሩን በዓይናችሁ ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ! ቂብላን በተመለከተ ግን መጨነቅ አያስፈልግም። መካ ከኛ በስተሰሜን፣ ወደ ምሥራቅ ጥቂት ዘንበል ብላ ትገኛለች። ጎንደር ላይ የሚሰግድ ሰው ፊቱን የሚያዞረው ወደ ሰሜን ተራሮች አቅጣጫ ነው ማለት ይቻላል። ጎሃ ላይ ባታድሩም ከዐስር ሶላት በኋላ ወደ ኮረብታው ወጥታችሁ አንድ ሲኒ ቡና እየጠጣችሁ ከተማዋን ከላይ እንድታዩ እንመክራለን። በጥምቀት ሰሞን፣ በጥር 11 አካባቢ፣ ክፍል ሁሉ ስለሚሞላና ዋጋው ስለሚንር ሌላ ሳምንት ብትመርጡ ይሻላል።

አሁን ወደሚታየው ነገር እንለፍ። የፋሲል ግንብ ይቅር የሚባል አይደለም፤ ሰፊ ጥገና የተደረገለትም በቅርቡ ነው። ይሁንና ልጆቻችሁ «ይህ የኛ ታሪክ አይደለም» ብለው እንዳይወጡ አስጎብኚው የማይነግራችሁን እኛ እንንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1648 ሐሰን ቢን አሕመድ አል-ሐይሚ የሚባል መልእክተኛ ከየመን ኢማም ዘንድ ተልኮ ጎንደር ገብቷል። ኢማሙ ንጉሡ ወደ ኢስላም እንዲመጣ ተስፋ ያደርግ ነበር፤ አጼ ፋሲል ግን የፈለጉት የንግድ መንገድና ወደብ ነበር። መልእክተኛው ሲመለስ ጉዞውን በመጽሐፍ አስፍሯል፤ ስለ ቤተ መንግሥቱም ሲጽፍ የሠራው ህንዳዊ መሆኑን ገልጿል። ከዚያ በፊትም በደንቀዝ ለአጼ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ሲሠራ አብዱልከሪም የተባለ ህንዳዊ ባለሙያ ስሙ በታሪክ ተመዝግቧል። ስለዚህ ልጃችሁ ከግንቡ ሥር ቆሞ አንገቱን ሲያቃና ይህንን ንገሩት።

ከግንቡ ስትወጡ አዲስ ዓለምን በእግር ዙሩ። ይህ ሰፈር ዝም ብሎ የተቆረቆረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1668 በአጼ ዮሐንስ 1ኛ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ፤ በቤተ እስራኤሎችም ላይ እንዲሁ። ሙስሊሞቹ በቀሃ ወንዝ አካባቢ ሰፈሩ፣ ሰፈሩም እስላም ቤት ተባለ። ተለይተው ሲወጡ ግን ንግዱ አብሯቸው ወጣ። እስከ ምጽዋና እስከ ስናር የሚሄዱት ነጋዴዎች፣ ሸማኔዎቹና ልብስ ሰፊዎቹ እዚያ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የደረሰው ጀምስ ብሩስ የሙስሊሞቹ ከተማ 3000 ያህል ቤቶች እንደነበሩት ጽፏል። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1870 ዓ.ም.፣ የቦሩ ሜዳ ውሳኔ ሙስሊሞችን በግድ ክርስትና አንሱ ሲል ብዙዎች አገር ለቀዋል። ሰፈሩ ግን አልጠፋም። ለመለየት ተብሎ የተሰጠው መሬት ዛሬ ከከተማው ጋር ተቀላቅሎ ድንበሩ የት እንደሆነ እኛም መለየት አንችልም።

ይህንን ስንጽፍ አንድ ነገር መዝለል አንችልም። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በረመዳን ወር፣ በሼህ ኤልያስ የሙስሊሞች መካነ መቃብር የአንድ ሼህ ቀብር ሲፈጸም በተሰነዘረ ጥቃት ከ20 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ መስጊዶችና ሱቆችም ተጎድተዋል። አላህ ይዘንላቸው። ሰርጉን እንጂ ይህን አትንገሩ የሚሉን አሉ፤ እኛ ግን ሁለቱም በአንድ ከተማ ውስጥ መሆናቸውን ደብቀን እንግዳ መጋበዝ አግባብ አይመስለንም። መቃብሩን ዚያራ ለማድረግ የሚሹ ከሰፈሩ ሰው ጋር ቢሄዱ መልካም ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተነሳው ግጭት ምክንያት የመኪና መንገዱ አንድ ሳምንት ክፍት፣ ሌላ ሳምንት አስጊ ሊሆን ስለሚችል ከመነሳታችሁ በፊት ጎንደር ላለ ዘመድ ደውሉ። አውሮፕላኑ አዘዞ አጠገብ ያሳርፋችኋል።

ባሕር የለንም፤ ጣና ግን አለን። ከከተማ በስተደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የደምቢያን ሜዳ አቋርጣችሁ ስትሄዱ ጎርጎራ ትደርሳላችሁ። በገበታ ለሀገር የተሠራው ሪዞርት ለብዙዎቻችን ኪስ የሚሆን አይደለም፤ ዳርቻው ላይ ቆሞ ልጆች ድንጋይ ሲወረውሩ ማየት ግን ገንዘብ አይጠይቅም። አንዲት ጥቃቅን ነገር፦ ብዙዎቹ ዑለሞች ሶላትን ለማሳጠር የሚሰፍሩት ርቀት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከጎንደር ተነስቶ ጎርጎራ የሚውል ሰው አያሳጥርም፤ ደባርቅ የሚሄድ ግን መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና ሩኽሷው አለው። ዝርዝሩን ኡስታዞቻችሁን ጠይቁ።

ደባርቅ የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በር ነው። በወለቃ፣ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ይወጣል። ጋቢ ሳትይዙ አትሂዱ፤ ለሱብሒ የሚቀርበው ውሃ እጅ ይቆርጣል። ፓርኩ ውስጥ ምግብ ቤት ፍለጋ መንከራተት የለም፤ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና የተጠበሰ ገብስ ይዛችሁ ግቡ። ሥጋ ያማራችሁ ከሆነ ከገበሬው በግ ገዝታችሁ፣ አላህን አውስታችሁ ራሳችሁ ታርዳላችሁ። ከዚህ የበለጠ ሐላል የት ይገኛል? ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ አብሯችሁ ይሄዳል፣ ደንቡ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሳር እየነጩ በመቶ ሆነው በአጠገባችሁ ያልፋሉ፤ ዋልያውን ለማየት ጭነቅ ድረስ መዝለቅ ይሻላል።

ከሳንቃ በር አልፎ 3600 ሜትር አካባቢ ላይ ግጭ የሚባል ቦታ አለ። ጎብኚዎች የሚያውቁት እንደ ካምፕ ነው። እኛ የምናውቀው ግን እንደ መንደር ነው፤ አብዛኞቹ ነዋሪዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። በዚያ ብርድ ገብስ እየዘሩ፣ በግ እያረቡ፣ በሱፍ ባና እየሠሩ፣ ከጅባራውና ከጓሳው መካከል አዛን እያሰሙ ትውልድ ቆጥረዋል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ ከ1996 ጀምሮ ደግሞ አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ገብቶ ነበር። እርሻውና ግጦሹ ለአውሬው ቦታ አሳጣ ተባለ። በ2008 ዓ.ም. 418 አባወራዎች ካሣና የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጥቷቸው ወደ ደባርቅ ወረዱ፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ፓርኩ ከአደጋው ዝርዝር ወጣ። ሣሩ አገግሟል፣ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ ገብስ ያጨደ ሰው በካሣ ብር ከተማ ውስጥ ምን ይነግዳል? ገንዘቡ ሲያልቅስ? ዋልያን ለማዳን የተከፈለውን ዋጋ ከሁሉም በላይ የከፈሉት እነሱ ናቸው፤ በጎብኚዎች መጽሐፍ ላይ ግን ስማቸው የለም።

ደባርቅ ላይ ጁሙዓ ከደረሰባችሁ ከጎናችሁ የሚሰግደው አባት የግጭ ሰው ሊሆን ይችላል። ሰላምታ ሰጥታችሁ ስለ ተራራው ጠይቁት፤ ከየትኛውም አስጎብኚ ይበልጥ ያውቀዋል። ወደ ጎንደር የሚመለሰው ሚኒባስ ደግሞ ሰው እስኪሞላ ስለሚጠብቅ ለወሬው ጊዜ አታጡም።